የመጀመሪያው አንባቢ

መምህር ክንዴ በሃያ አንድ ዓመት የማስተማር ዘመኑ ያልቻለው ነገር አልነበረም። የደባርቅን ብርድ ችሏል። ሰባ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ችሏል። በየሁለት ዓመቱ የሚለዋወጠውን ርእሰ መምህርና ከእያንዳንዱ ጋር ተከትሎ የሚመጣውን አዲስ ቅጽ ችሏል። ልጁ እሌኒ ድርሰቷን ለሌላ ሰው ማሳየቷን ግን መቻል አቃተው።

ያወቀው በኅዳር ወር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እስክርቢቶ ፍለጋ የልጅቱን ጠረጴዛ ሲያገላብጥ ደብተሯ ተከፈተና በየገጹ ዳር በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ፣ የማያውቀው የእጅ ጽሕፈት አየ። «መግቢያሽ ላይ መጀመሪያ አንድ ነገር አሳዪኝ፤ ተረቱ ይቆየን» ይላል አንደኛው። «ይህን መደምደሚያ ታምኚበታለሽ? የማታምኚበትን ለምን ጻፍሽው?» ይላል ሌላው። አራት ገጽ ሙሉ እንዲህ ነው። ክንዴ እንደ ቆመ እስከ መጨረሻው አነበበው። የፍቅር ደብዳቤ አግኝቶ ቢሆን በተሻለው ነበር፤ ለፍቅር ደብዳቤ አባት ይቆጣል፣ እናት ትመክራለች፣ ነገሩም ያልፋል። ይህኛው ሆዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

አይፈረድበትም። እሌኒ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የጻፈችውን ነገር ሁሉ ቀለሙ ሳይደርቅ ለአባቷ ነበር የምታመጣው። ሙሉውን አይደለም፣ መግቢያውን ብቻ። ከወንበሩ አጠገብ ትቆማለች፤ እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ከዚያ ወይ «ቀጥዪ» ይላታል ወይ «አፍርሰሽ ጀምሪ» ይላታል። ሌላ ቃል የለም። ቀጥዪ ሲላት እየሮጠች ትሄዳለች፤ አፍርሰሽ ሲላት ከንፈሯን ጥላ ትሄዳለች፤ በሁለቱም ግን ተመልሳ ትመጣለች። ሰው ከደመወዙ፣ ከሹመቱ፣ ከቤቱ ምን ደስታ እንደሚያገኝ ክንዴ አያውቅም፤ የሱ ደስታ ያቺ ጊዜ ነበረች። ከመስከረም ወዲህ ልጅቱ መምጣቷን ስትተው ዕድሜ ነው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ነው፣ ያልፋል ብሎ ራሱን አጽናንቶ ነበር። ለካስ ዕድሜ አይደለም፤ አረንጓዴ ቀለም ነው።

የቀለሙ ባለቤት ምስክር ይባላል። የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ፤ ገና በዚህ መስከረም ተቀጥሮ የአሥራ አንደኛ ክፍል አማርኛ የተሰጠው ቀጭን ረጅም ሰውዬ። ያለችው አንዲት ጃኬት ናት፤ እሷኑ በክፍልም በቤተ ክርስቲያንም ይለብሳታል። ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ መጻፍ የሚወዱ ተማሪዎችን ሰብስቦ ስለ ክርክር ድርሰት ያስተምራል። እሌኒ ቅዳሜ ቅዳሜ «ጥናት አለን» እያለች ስትወጣ ክንዴ ራሱ ነበር «ጎበዝ» እያለ የሚሸኛት።

ያን ማታ እራት አልበላም አለ። ባለቤቱ ዘቢደር ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት፤ የሰው ሕመም ገና ከበር ሲገባ ትለያለች። ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው፤ ጨጓራዬ ነው አላት። ትንሽ አየችውና ልጅህን ጠልፈው የዳሩብህ ነው የምትመስለው ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ክንዴ በክርክር ድርሰት ላይ የራሱ ትምህርት ነበረው፤ ትምህርቱን ደግሞ ከመጽሐፍ አላገኘውም። አባቱ አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ በዳባት ዙሪያ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። የድንበር ጠብ፣ የከብት ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ፣ እሳቸው ሳይቀመጡበት አያልቅም። ነገር ሲከፍቱ በተረት ይከፍታሉ፤ የተጣላውን ሰው ትከሻ በዚያው ያረግቡታል። ልጅ ሆኖ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ እየሰማ ነው ያደገው። በዚያ ሸንጎ አንድ ሕግ አለ፦ ወጣት ያየውን ይመሰክራል፣ የመሰለውን ይናገራል፤ ፍርዱን ግን አይነካም። ታላላቆች ተቀምጠው ሳለ ታናሽ «ስለዚህ እንዲህ ይሁን» ቢል ነውር ነው። እና ክንዴ ይህንኑ ወደ ጥቁር ሰሌዳው አመጣው። በተረት ክፈቱ፤ ግራ ቀኙን ተናገሩ፤ ስትደመድሙ «እኔ የመሰለኝን ብያለሁ፤ ፍርዱ የታላላቆቼ ነው» በሉ። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ድርሰት በዚህ ዓረፍተ ነገር እንደ ተዘጋ ፈጣሪ ይቁጠረው። ከገጠር የመጡት ልጆች እንዲያውም ሳይነገራቸው ነው የሚጽፉት። እሱም ሙሉ ውጤት ይሰጥበታል።

አሁን አንድ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ መጥቶ ተረቱን ከፊት አነሳ፣ ፍርዱን ለልጆች ሰጠ።

የዚያን ሰሞን ርእሰ መምህሯ ክንዴን ቢሯቸው አስጠሩት። የምስክር የሙከራ ጊዜ በታኅሣሥ መጨረሻ እንደሚያልቅ፣ ሌላው ወረቀት ሁሉ እንደ ተሟላ፣ የቀረው የአማርኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊው የክንዴ የምልከታ ሪፖርት ብቻ እንደ ሆነ ነገሩት። ሪፖርቱ ጥሩ ካለ ልጁ ቋሚ ይሆናል፤ አይሆንም ካለ ይሰናበታል። እንግዲህ ሰው የሚቀናበትን ሰው እንጀራ መቁረጫ ቢላዋ ሲሰጡት እንዲህ ነው። ክንዴ ቅጹን ተቀብሎ በትሕትና እጅ ነስቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ጨጓራው ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ አለ።

ምልከታውን የሥራ ቀን ማድረግ ሲችል ቅዳሜን መረጠ። ጋቢውን ደርቦ፣ ቅጹን ይዞ ከመጨረሻው ዴስክ ተቀመጠ። ምስክር ሲያየው ደንገጥ አለ፤ መጥቶ «ጋሽ ክንዴ፣ በመምጣትዎ ደስ ብሎኛል፤ ስሳሳት ይንገሩኝ» አለው። ሽንገላ ቢሆን ደስ ባለው ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ሽንገላ አልነበረም። ይህም አናደደው። እሌኒ ከፊት ተቀምጣለች። ዞር ብላ አባቷን አየችና ጆሮዋ ሥር ድረስ ቀላች።

ትምህርቱ ስለ መግቢያና መደምደሚያ ነበር። ምስክር ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈም። ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ እንደ ደረሳችሁ ቁጠሩት አላቸው፤ ሮጣችሁ ቤት ስትገቡ ለእናታችሁ መጀመሪያ ምን ትነግሯታላችሁ? አንዷ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ አለች፤ ሌላው ደም እንዳየ አለ። በሉ መግቢያ እሱ ነው አላቸው፤ አንባቢው ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጠቡ ቦታ ድረስ ይዛችሁት ሂዱ። መደምደሚያው ደግሞ እናታችሁ «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ስትላችሁ የምትመልሱት ነው፤ እዚያ ላይ «እኔ ምን አውቄ» ካላችሁ እስካሁን የተናገራችሁት ሁሉ ውኃ በላው። ክፍሉ ሳቀ። ክንዴ የሳቁትን ቆጠረ፤ ሠላሳ ስምንት ተማሪ ነበር፣ ሠላሳ ስምንቱም ሳቁ። እሱ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በራሱ ክፍል ውስጥ ሰው ሲስቅ የሰማው ዶሮ የገባች ዕለት ብቻ ነው።

ከዚያ እሌኒ እንድታነብ ተጠራች። ለዞኑ የድርሰት ውድድር የጀመረችው ረቂቅ ነው፤ ርእሱ «የገጠር ተማሪ ከተማ መጥቶ ተከራይቶ ይማር ወይስ ትምህርት ቤቱ ወደ እሱ ይሂድ» የሚል ነበር። ቆመች። ደብተሯን ገልጣ ጀመረች።

«እሁድ ከሰዓት በኋላ ከዳባት በኩል የሚመጣውን መንገድ ቆማችሁ እዩ። ልጆች የሳምንት ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ይገባሉ። ሰኞ እንጀራው ለስላሳ ነው። ረቡዕ ይደርቃል። ዓርብ ይሻግታል። እኛ ቤት የተከራዩት ሁለት ልጆች ዓርብ ዓርብ ሻጋታውን በቢላ እየፋቁ ይበላሉ፤ የኛ ወጥ ሽታ በግድግዳው በኩል እየመጣባቸው።»

ዝም አለ ክፍሉ። ከዚያ መሐሉን አንብባ መደምደሚያው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ፣ ወደ ኋላ ሳትመለከት፣ «ስለዚህ እኔ ፈርጃለሁ» አለች። «ትምህርት ቤቱ ወደ ልጆቹ ይሂድ። እስኪሄድ ድረስ ግን ቤት የምናከራይ ሰዎች ምድጃችንን እናካፍላቸው።»

ክንዴ በሕይወቱ ከሰማቸው የተማሪ ድርሰቶች ሁሉ ይህ በላጩ እንደ ሆነ ወዲያው አወቀ። ሃያ አንድ ዓመት የጠበቀው ድርሰት ነው። የጠበቀውም ከዚህችው ልጅ ነበር። መጥቶ ሲያገኘው ግን ሌላ ሰው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ምስክርም ድርሰቱ ሲያልቅ ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀላትና ልጅቱ ያን ጊዜ የሳቀችውን ሳቅ አባቷ ያውቀዋል። «ቀጥዪ» ሲላት የምትስቀው ሳቅ ነው። በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ሰው፣ ያቺን ጃኬት ከነባለቤቷ መናኸሪያ አድርሶ ሚኒባስ ላይ ሲጭናት ታየው።

በዚያው ስሜት ቤቱ ገብቶ ሪፖርቱን ጻፈ። ቅጹ ለአስተያየት የተወው ሦስት መስመር ነበር፤ ክንዴ ሁለት ገጽ አያይዞ ጨመረ። ሲጀምር በተረት አልጀመረም። «ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሠላሳ ሰባት ጓደኞቿ ፊት ቆማ በታላላቆቿ ላይ ስትፈርድ ሰማሁ» ብሎ ጀመረ። የክፍሉን ሳቅ፣ ዝምታውን፣ የወጡትን እጆች፣ ሁሉን እንዳየው ጻፈ፤ ምክንያቱም ቅናት ያሳብደዋል እንጂ ሐሰት አያጽፈውም። ሲዘጋም ፍርዱን ለማንም አልተወም። «ስለዚህ ይህ መምህር በቋሚነት ሊቀጠር አይገባም» ብሎ ነጥቡን አኖረ። የሰውዬውን መግቢያና የሰውዬውን መደምደሚያ ወስዶ ሰውዬውን ሊያባርርበት መሆኑ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለውም። ደጋግሞ ሲያነበው አማረው። እውነትም ያምራል። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ አያያዙ ደህና ነበር።

ያን ጊዜ አስቦ ተው ያለው ቢኖር ጥሩ ነበር። ግን ቆንጆ ነገር የጻፈ ሰው የሚያነብለት ይፈልጋል፤ ክንዴ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው አንባቢ አንድ ብቻ ነው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ዘቢደር ጎረቤት ሄዳ ሳለ፣ እሌኒን ጠርቶ ሁለቱን ገጽ ሰጣት። ምን እያሰበ እንደ ነበር ኋላ ሲጠየቅ እሱም ያፍራል። ታየዋለች፣ አባቷ እንዴት እንደሚጽፍ ታያለች፣ የዚያ ልጅ አረንጓዴ ቀለም ዓይኗ ላይ ይደበዝዛል ብሎ ነበር የሚያስበው።

ቆማ አነበበች። እንደ ጥንቱ ከወንበሩ አጠገብ አይደለም፣ ከመስኮቱ ዘንድ ሆና ነው። አንዴ ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ክንዴ እንደ ፈተና ተማሪ ጉልበቱን በእጁ ይዞ ይጠብቃል።

«መግቢያው ቆንጆ ነው» አለች በመጨረሻ። «የቲቸር ምስክርን ይመስላል።»

ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች።

«መደምደሚያው ግን ከላይ ካለው አልመጣም፣ አባዬ። ሠላሳ ስምንቱም ሳቁ ትላለህ። አንድም ያንቀላፋ የለም ትላለህ። ልጅቱ ስታነብ ክፍሉ ትንፋሹን ያዘ ትላለህ። ይህ ሁሉ ስለ ጎበዝ አስተማሪ ነው የሚናገረው። ከዚያ ይባረር ትላለህ። መሐል ላይ ያልጻፍከው አንድ ምክንያት አለ።»

ክንዴ ሊቆጣ ፈለገ። ቁጣው ግን ጠፋበት። ልጅቱ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም፤ የምታየው ወረቀቱን እንጂ እሱን አልነበረም፤ እሱ ራሱ የደካማ ተማሪ ድርሰት ሲያይ እንደሚያደርገው። ለምን ከኔ ዘንድ መምጣት ተውሽ ብሎ ጠየቃት። ያን ጥያቄ ለመጠየቅ ሦስት ወር ፈጅቶበታል።

እሌኒ ድምፏን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ተከራዮቹ ጽፌልህ ነበር። መግቢያውን ብቻ ሳይሆን እስከ መጨረሻው አነበብክልኝ፤ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሰረዝክና ‹ፍርዱ የታላላቆቼ ነው› ብለህ ጻፍክልኝ። ታላላቆቼ እኮ አንተና እማዬ ናችሁ። አንተ አልፈረድክም። ልጆቹም አሁንም ሻጋታ ይፍቃሉ።»

ይህን ድርሰት ክንዴ አያስታውሰውም ነበር። ዓመት ሙሉ በጠረጴዛው ካለፉት ወረቀቶች አንዱ ነው። ውጤት መስጠቱን ግን ያውቃል፤ ከመቶ መቶ ሰጥቷት ይሆናል። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ተከራዮቹ ልጆች ከገጠር ገብተው ስንቃቸውን ሲያራግፉ ይሰማል። የአባቱን ሸንጎ አሰበ። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ተረት ተርተው፣ መርቀው፣ ሁሉን አለዝበው ሲያበቁ ይፈርዱ ነበር። በስተመጨረሻ ይፈርዱ ነበር። እሱ ተረቱን ወስዶ ፍርዱን እዚያው ትቶት መጣ።

«ቀናሁ» አላት። «ምክንያቱ እሱ ነው። ሌላ የለም። ቀናሁብሽ።»

አባት ለልጁ የማይለው ቃል ነው፤ ቢሆንም አለው፤ ከአፉ ሲወጣም እንዳሰበው አላሳነሰውም። እሌኒ ወረቀቱን መለሰችለት። እሱ ሁለተኛውን ገጽ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ቀደደውና በአዲስ ወረቀት ላይ ጻፈ። ረጅም አልነበረም። ከላይ ያለው ሁሉ የሚያሳየው ይህ መምህር ተማሪዎቹን አይተው እንዲናገሩ፣ ተናግረውም እንዲፈርዱ ማስቻሉን ነው፤ ስለዚህ በቋሚነት ይቀጠር፤ የቅዳሜው ትምህርትም በትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ውስጥ ይግባ። ስሙን ጻፈ፣ ፈረመ፣ ቀኑን አኖረ። እሌኒ ከትከሻው በላይ ሆና አነበበችው። መቼ ከመስኮቱ ተነስታ እንደ ቀረበች አላየም። አሁን መጣ አለችው፤ መደምደሚያውን ማለቷ ነው።

ክንዴ ያን ሲሰማ ደፈረ። የቅናት ነገር እንዲህ ነው፤ ሞተ ሲሉት ሌላ እግር ያበቅላል። ወረቀቱን አጥፎ ፖስታ ውስጥ እየከተተ፣ ቀለል ያለ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው፣ ዓይኑን ሳያነሳ ጠየቃት።

«የውድድሩን ድርሰት አርመሽ መቼ ትጨርሻለሽ?»

«ሐሙስ።»

«መጀመሪያ ለማን ታሳይዋለሽ?»

እሌኒ ልትዋሽለት ትችል ነበር። እሱም እንድትዋሽለት ጸለየ፤ እውነቱን ነው የምናገረው፣ ጸለየ። ልጅቱ ግን ማስረጃው ወደ መራው መሄድ ለምዳለች።

«ለቲቸር ምስክር» አለች። «ከዚያ ላንተ።»

እሺ አላት። ወደ ክፍሏ ገባች። እሱ ፖስታውን ይዞ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ። ከማድጋ ውኃ ሲቀዳ፣ ተከራዮቹ ሲያወሩ፣ ዘቢደር ስትመለስና ልጆቹን በራቸውን አንኳኩታ ዛሬ ከኛ ጋር ትበላላችሁ ስትላቸው ሰማ፤ እሌኒ የድርሰቷን ፍርድ አስቀድማ ነግራት ኖሯል። ፖስታው ጠዋት ለርእሰ መምህሯ ይደርሳል፤ አይመለስም፣ አይለወጥም። ያን ጥያቄ ከመፈረሙ በፊት ጠይቋት ቢሆን ኖሮ ይፈርም ነበር ወይ? ይህን እሱም እስከ ዛሬ አያውቅም። ፈርሞ ስለ ጠየቀ ግን እግዚአብሔርን ያመሰግናል።